የሳላሀዲን ሙክትና የአዴ ፈይሩዝ በትር

ሮቤ ከተማ ውስጥ ምስማር ለመግዛት የቸኮለ ሰው ሳላሀዲን ሱቅ ባይሄድ ይሻለዋል። ምስማር ጠፍቶ አይደለም፤ ምስማሩ፣ ቡሎኑ፣ ማጠፊያው፣ ቀለሙ፣ የበር ቁልፉ ሁሉ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ችግሩ ሚዛኑ ነው። ምስማር ሊመዘንበት የተገዛው ሚዛን ላይ ብዙውን ጊዜ የብስክሌት ፔዳል ተቀምጦበታል። ፔዳል ካልሆነ መቀመጫ፣ መቀመጫ ካልሆነ ከሆነ ቦታ የተፈታች አንዲት ቡሎን ትኖራለች፤ ሳላሀዲን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ መርፌው እስኪረጋ ትንፋሹን ውጦ ያያታል። ደንበኛው "ግማሽ ኪሎ ስምንት ቁጥር" ይላል። ሳላሀዲን "ቆይ አንዴ" ይላል። ይህቺ "ቆይ አንዴ" ስንቱን ሰው ወደ ማዶው ሱቅ እንዳሻገረች የማዶው ባለሱቅ ይመስክር። ለሳላሀዲን ብስክሌት ረጅም ዕድሜ የሚመኝ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ብስክሌቷ ኮርስ ናት። ኮርስ ማለት ያ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመለለው፣ ለእሽቅድድም የተሠራው ቀጭኑ ብስክሌት ነው። ሳላሀዲን በጉብዝናው ዘመን በዚህችው ሰማያዊ ኮርስ ይወዳደር ነበር፤ ጥሩም ነበር ይላሉ፣ በተለይ እሱ ይላል። አንድ ቀን ከጎባ ቁልቁለት ሲወርድ እንጨት ከጫነች አህያ ጋር ተገናኘና ነገሩ በዚያው አበቃ። አህያዋ ምንም አልሆነችም። የሳላሀዲን ቀኝ ጉልበት ግን ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚያውቅ፣ ረጅም መንገድ ሲያይ የሚያኮርፍ ጉልበት ሆኖ ቀረ። ብስክሌቷም ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ዓመታት አቧራ ጠጣች።

ከግድግዳው ያወረዳት ስለት ነው።

ሚስቱ ሰቢሪና ልጃቸውን ሌንሳን ልትወልድ ጎባ ሆስፒታል የገባች ዕለት ምጡ ጠናባት። ሐኪሙ ወጥቶ "ለሁለቱም እየለፋን ነው፣ ጸልዩ" ብሎ ተመለሰ። በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ግድግዳውን የተደገፈው ሳላሀዲን ነው። ሁለተኛዋ በትራቸውን የተደገፉት የሰቢሪና እናት፣ አዴ ፈይሩዝ ናቸው። ሳላሀዲን እጁን ዘርግቶ ጮክ ብሎ "ያ ረቢ፣ ሁለቱንም በሰላም ከሰጠኸኝ ሼክ ሁሴን ድረስ በገዛ ጉልበቴ እሄዳለሁ፣ መኪና አልሳፈርም" አለ። አዴ ፈይሩዝም አጠገቡ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አይቷል፤ ዱዓ ነው ብሎ አለፈው። ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፣ ሰቢሪናም ተረፈች።

እስቲ አሁን "እሄዳለሁ" ብሎ ቢያበቃ ምን ነበረበት? "በገዛ ጉልበቴ" የምትለዋን ምን አስጨመረው? ጉልበቱን ያውቀው የለም ወይ? ሼክ ሁሴን ደግሞ ከሮቤ የቀናት መንገድ የሚያስኬድ፣ ሰው ስለቱን ይዞ ለዚያራ የሚጎርፍበት ቅዱስ ስፍራ ነው። ግን የጨነቀው ሰው ቃል አይመርጥም፣ አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው ዓመት በሕፃኗ ተሳበበ። በሁለተኛው ዓመት በእግሩ ሊሞክር ከሮቤ ወጣና ከተማዋ ከኋላው ገና ሳትጠፋ ጉልበቱ አብጦ በባጃጅ ተመለሰ። ሲጨንቀው ከመስጊድ ሲወጣ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ጠየቀ። "ብስክሌት በገዛ ጉልበቴ ከሚባለው ይቆጠራል ወይ?" ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና "የሚገፋው ማን ነው?" አሉት። "እኔ ነኝ።" "ነዳጅ ይጠጣል?" "አይጠጣም።" "እንግዲያው ሂድ፣ ምን ያቆምሃል?"

ምን እንደሚያቆመው ሽማግሌው አላወቁም። የሚያቆመው ራሱ ብስክሌቷ ሆነች።

መንገዱ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን ከሮቤ ሲወጡ አስፋልት ነው፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ጠጠር ነው፤ ዝናብ ከጣለ ጎማ ይዞ አልለቅም የሚል ጥቁር ዋልካ አለ፤ ወደ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ አሸዋና የግራር እሾህ ይጠብቃል። ቀጭን ጎማ አስፋልት ላይ ይበራል፣ ጠጠር ላይ ይዋልላል፣ ዋልካ ውስጥ ጭራሽ ይቀራል። ሰፊ ጎማ ደግሞ ኮርስ ብስክሌት ውስጥ አይገባም። ሳላሀዲን ስልኩ ላይ እንዲህ ያለውን ሁሉ መንገድ በአንድ ብስክሌት የሚሄዱ ፈረንጆች አየና ልቡ ተሰረቀ። ሁሉንም የምትችል አንዲት ብስክሌት ትሆናለች አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሱቁ ጋራዥ ሆነ።

መጀመሪያ በያጁ ደራራ ዘንድ ሄዶ የፊት ሹካዋንና የኋላ እግሯን ሰፊ ጎማ እንዲያስገቡ አስከፈታቸው። ደራራ የኮምባይነር ጥርስ ሲበይድ የሚውል፣ እጁ የከበደ ሰው ነው። ሳላሀዲን "ቀስ በል፣ ቀስ" እያለ ከአናቱ ላይ ሲቆም "ሕፃን ነው እንዴ የምገርዘው?" ብሎ አባረረው። ከዚያ ዳገቱን ጉልበቱ እንዲችለው ከኋላ እንደ ሰሀን የሰፋ የማርሽ ጥርስ አስገባ። ወገቡ እንዳያጎብጠው መሪዋን ከፍ አደረገ፤ ከፍ ሲል ነፋስ በዛበት ብሎ ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲል አንገቱን አመመውና እንደገና ከፍ አደረገ። ቀንዱ ላይ የጠቀለለውን ጨርቅ ስንት ጊዜ ፈትቶ እንደጠቀለለ ሰቢሪና ታውቃለች፤ ጨርቁ የሷ ሻርፕ ነበር። ጎባ ወርዶ ደግሞ ለአይሱዙ መኪና ሸራ የሚሰፋውን ወዳጁን ኃይለየሱስን ለብስክሌት የሚሆን ቦርሳ አሰፋ። ኃይለየሱስ መኪና የሚያለብስ ሰው ነውና የመጀመሪያዋ ቦርሳ ብስክሌቷን ከነነጂው ትከት ነበር።

እያንዳንዷ ነገር ከመግባቷ በፊት ሚዛን ላይ ትወጣለች። ከባድ ከሆነች ትቀራለች። ፓራፋንጎው ተመዝኖ ከጫፉ ተቆረጠ። የረዘሙ ቡሎኖች ተሞረዱ። ሳላሀዲን የጥርስ ብሩሹን እጀታ የቆረጠ ዕለት ሰቢሪና ምንም አላለችም፤ ሌንሳን ብቻ "አባትሽን እንዳታዪ" አለቻት።

ምንም ያላሉበት ጊዜ የሌላቸው አዴ ፈይሩዝ ናቸው። ምላሳቸው የሰላ፣ እግራቸው የደከመ ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው ሼክ ሁሴን ድረስ በእግራቸው ሄደዋል፤ ያኔ የያዙት፣ ተጓዦቹ ሁሉ የሚይዙት ጫፉ ባላ የሆነ በትር ዛሬም ከእጃቸው አይለይም። ድሮ ለዚያራ የያዙትን አሁን ለመራመጃ ይደገፉታል። በዚያ አገር ወግ አማች አማቱን ቀና ብሎ አይመልስላትም፤ ይህንን አዴ ፈይሩዝ በደንብ ያውቃሉ፣ ይጠቀሙበታልም። ብስክሌቷን በቀንዷ ምክንያት ሙክት ብለዋታል።

"ሳላሀዲን፣ ሙክቱ ጠገበ ወይ?" ይሉታል ማታ ከሱቅ ሲመለስ።

"ደህና ነው፣ አዴ።"

"ይኸው ስንት ዓመት ትቀልበዋለህ። መቼ ነው የሚታረደው ታዲያ?"

"በቅርቡ ነው፣ ኢንሻአላህ።"

"ኢንሻአላህ" ይላሉና ወደ ሰቢሪና ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። ሳላሀዲን ኦሮምኛውን ከአማርኛው አስበልጦ ይሰማዋል፤ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ወጡን ይበላል።

አንድ ቀን አዴ ፈይሩዝ በትሩን ከፍ አድርገው "ስትሄድ ይህንን ይዘህልኝ ትሄዳለህ" አሉት።

ሳላሀዲን በትሩን ከላይ እስከ ታች አየው። የወይራ እንጨት ነው፤ ቁመቱ ከሌንሳ ይበልጣል፤ ባላው ነፋስ ይይዛል። እንቢ ማለት አይችልም፣ አማቱ ናቸው። "እርስዎስ በምን ይራመዳሉ?" አለ በትሕትና።

"እኔ የት አለብኝና? ቤቴ ነኝ።"

"ኢንሻአላህ፣ አዴ" አለ። በሳላሀዲን አፍ "ኢንሻአላህ" ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ አዴ ፈይሩዝ ፀሐይ ሊሞቁ ደጅ ተቀምጠው ሲያሸልቡ ሳላሀዲን በትሩን ቀስ ብሎ ወሰደና ሱቅ ሄዶ ሚዛን ላይ አጋደመው። አላመነም፤ ደግሞ መዘነው። ከፓራፋንጎው፣ ከቡሎኑ፣ ከጥርስ ብሩሹ ቆርጦ ቆርጦ ያተረፈው ሁሉ እዚያው በትሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። በትሩን ይዞ ሲቆዝም ከጎኑ አትክልት የምትሸጠው ዙሀይራ አንገቷን አስግጋ ታየው ነበር። ዙሀይራ ያየችውን ነገር ገበያው ሳያውቀው መሽቶ አያውቅም።

ማታ ራት ላይ አዴ ፈይሩዝ ጉርሻቸውን አላምጠው፣ ውጠው፣ "ሳላሀዲን" አሉ፣ "ስንት ኪሎ ወጣሁ?"

ሳላሀዲን ዓይኑን ከሰሀኑ አላነሳም። ሰቢሪና ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ገባች።

እንዲህ እየተባለ ዓመት ዓመትን ወለደ። ሌንሳ ተማሪ ቤት ገባች። የዚያራው ሰሞን በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድላል። አንዱን ዓመት ጎማው እሾህ አይችልም ተባለ፣ በሚቀጥለው ካቴናው ይዘላል ተባለ። ዘንድሮም ሰሞኑ ደርሶ፣ መንገደኛው በትሩን ይዞ በአውቶቡስም በእግርም ሮቤን ሲያቋርጥ፣ ሳላሀዲን ልብስ ከምታጣጥፈው ሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማርሽ የሚቀይረው ዕቃ ከአዲስ አበባ ይመጣልኛል፣ አዝዣለሁ። ያለሱ ዳገቱ ላይ ጥሩ አይደለም። ለሚቀጥለው ዓመት ብናደርገውስ?"

ሰቢሪና የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። ሰቢሪና ቁጡ ሴት አይደለችም፣ ድምፅዋም አልጨመረም።

"እናቴ እኮ አንተን ነው የምትጠብቀው" አለችው።

"ለምኑ?"

"ያን ቀን በሩ ላይ የተሳልከው አንተ ብቻ አይደለህም። እሷም ተስላለች። ልጄ ከተረፈችልኝ የምደገፈውን በትር ድሮ ይዤው ለሄድኩበት ለሼክ ሁሴን እሰጣለሁ ብላ።"

ሳላሀዲን የአዴ ፈይሩዝ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያየው ትዝ አለው።

"ታዲያ ለምን በአውቶቡስ ከሚሄድ ሰው ጋር አልላኩትም?"

"ከአማቼ ጋር ባንድ በር ላይ፣ ባንድ ጭንቀት ተስለን፣ ለየብቻ አይደርስም ትላለች። እሱ ሲሄድ ይሄዳል ትላለች። ዓመት በመጣ ቁጥር ደጅ ቆማ አውቶቡሱን ታየዋለች፤ ካለፈ በኋላ ትገባና ለአንተ 'ሙክቱ ጠገበ ወይ' ትልሃለች። ስለቴን ሳላደርስ ብሞትስ ብላ እንቅልፍ አጥታ የምታድረውን እኔ ነኝ የማውቀው።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አማችን ማጣደፍ ነውር ነው ብላ አስምላኝ ነው። ይኸው አንተም አማቴን እንቢ ማለት ነውር ነው ብለህ ኢንሻአላህ ትላለህ። በሁለታችሁ ጨዋነት ስለቱ አረጀ።"

ሳላሀዲን አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። እሱ ቡሎን ሲሞርድ አንዲት አሮጊት ሞትን ስትሽቀዳደም ነው የከረመችው። ስለቱ የራሱ ብቻ መስሎት ነበር፤ ቢዘገይም ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ነገር መስሎት ነበር። ያን ቀን ስለ ማርሽ ሌላ አልተናገረም።

ሲነጋ አዴ ፈይሩዝ ፊት ቆሞ አንገቱን ደፋ። "አዴ፣ በትሩን ይስጡኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።"

አዴ ፈይሩዝ ሰቢሪናን አንድ ጊዜ ገልመጥ አደረጉ፣ ሰቢሪናም ወደ ግድግዳ አየች። "አይከብድህም?"

"አይከብደኝም።"

"ሚዛኑ ዋሸ ማለት ነው?"

"ሚዛኑ የምስማር ነው፣ አዴ።"

አሮጊቷ ሳቁ፤ ሲስቁም ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳላሀዲን ብስክሌቷን ደጅ ሲያወጣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠበቀው። ይህንን ነገር አስቦበት አያውቅም፤ ሌላ ሮቤ የተወለደ ሰው ቢሆን ግን ቀድሞ ይገባው ነበር። ሼክ ሁሴን የሚሄድ ሰው ለብቻው አይሄድም፤ መሄድ ያልቻለ ሁሉ ስለቱን ይሰጠዋል፣ እሱም የሰው ስለት አይመልስም። መጀመሪያ የመጣው ከደሎ መና ማር የሚያስመጣ ነጋዴ ነው፤ በጀሪካን ማር ይዞ መጣ። ኃይለየሱስ በማለዳ ከጎባ ተነስቶ የመጨረሻዋን ቦርሳ አመጣ፤ ቦርሳዋ ባዶ አልነበረችም። "እኔ እንግዲህ ክርስቲያን ነኝ" አለ ጆሮውን እያሻሸ፣ "ባለቤቴ ግን ልጁ ታሞ ጊዜ ለሼክ ሁሴን ተስላ ነበር። አረንጓዴ ጨርቅ ነው፣ አይከብድም። ዳሩን ሁለት ጊዜ ነው የሰፋሁት፣ አይተረተርም።"

ዙሀይራ መጣች። ከኋላዋ ፍየል ትጎትታለች።

"ዙሀይራ" አለ ሳላሀዲን፣ "ብስክሌት ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። የተሳልኩት ግን ፍየል ነው።"

ሰው ተሰብስቦ መከረ። ፍየሏ በአውቶቡስ ከሚሄድ ዘመድ ጋር እንድትሄድ፣ ሳላሀዲን ደግሞ ስለ ፍየሏ ምስክር የሚሆን ነጭ አውራ ዶሮ ይዞ እንዲሄድ ሆነ። ምስክር ለምን እንዳስፈለገ የጠየቀ የለም፤ ዙሀይራ ካለች አለች ነው። ዶሮውና ማሩ የሚጫኑበት ቦታ ሲጠፋ ደራራ ብስክሌቷን ነጥቆ ወሰዳትና ከኋላዋ የዕቃ መጫኛ በይዶላት ተመለሰ። የሠራው ከምን ነው? ከፌሮ ነዋ፤ ቤት ከሚሠራበት ብረት። ሳላሀዲን ያንን ፌሮ ሲያይ ዓመታት የመዘናቸው ቡሎኖች ሁሉ በዓይኑ ላይ አለፉ። ግን "እጅህ ይባረክ" ብሎ ተቀበለ። በመጨረሻ አዴ ፈይሩዝ የሰቢሪናን ትከሻ ይዘው ወጡና በትሩን በገዛ እጃቸው በብስክሌቷ ወገብ ላይ አጋደሙት፤ ሳላሀዲን በጎማ ገመድ አሰረው። ባላው ከቀንዶቹ መሀል ወደ ፊት ወጣ። አሁን ሙክቱ አራት ቀንድ ሆነ አሉ አሮጊቷ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳላሀዲን ግን እጃቸውን ስሞ ዱዓቸውን ተቀበለና ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ብስክሌቷ አላሳፈረችውም። የከበደች ብትሆንም አስፋልቱ ላይ ሄደች፤ ዳገቱ ላይ ያ ሰሀን የሚያህለው ጥርስ ለጉልበቱ አዘነለት፤ ጠጠሩ ላይ ሰፊው ጎማ አልዋለለም፤ የግራሩ እሾህም አልበሳውም። በዶሮው ጩኸት የተነሳ ግን በየመንደሩ ያለቀጠሮ አዛን የሚሰማ መስሎት ሰው ይወጣ ነበር። ዋልካው ላይ ሲደርስ ዝናብ ጠበቀው። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ተጠቅጥቆ ብስክሌቷን አላንቀሳቅስ አለ። ሳላሀዲን ለሁሉም ነገር መፍቻ ይዟል፤ ጭቃ የሚቆፈርበት ግን ምንም አልያዘም። በትሩን አየው፤ ወዲያው ለማየቱ እንኳ አፈረና በጣቱ ይቆፍር ጀመር።

ያኔ ከማሳው ውስጥ አንድ ገበሬ ብቅ አለ። ሰውየው ሰማያዊዋን ብስክሌት፣ የማርሹን ጥርስ፣ የሸራውን ቦርሳ አላየም። ያየው በትሩን ነው። "ዚያራ ነህ?" አለ፤ መልስም ሳይጠብቅ ብስክሌቷን ከነዶሮው ተሸክሞ ቤቱ አስገባት። ሚስቱ እግሩን አስታጠበችው፣ ገንፎ በቅቤ አቀረበችለት። ሊወጣ ሲል የራሷን ስለት፣ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ዕጣን፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። የትም ቢደርስ ሰው ባላውን ያያል፣ ውኃ ያቀርባል፣ መኝታ ያነጥፋል፣ "ለኔም ዱዓ አድርግልኝ" ይላል። እያንዳንዱን ፍሬ መዝኖ የያዘው ብስኩትና ተምር ሳይነካ ቦርሳው ውስጥ ቀረ። በዚያ መንገድ ላይ የማያስፈልግ ክብደት የነበረው የራሱ ስንቅ ነበር።

ሼክ ሁሴን ሲደርስ ነጫጭ ግንቦቹ ከሩቅ ታዩት፤ ከየአቅጣጫው የመጣው ተጓዥ ውዳሴውን እያዜመ ሲገባ እሱም ከብስክሌቷ ወርዶ እየገፋ ገባ። ማሩን፣ ጨርቁን፣ ዕጣኑን፣ ዶሮውን አደረሰ፤ የዙሀይራ ፍየልም ቀድማው ደርሳ አገኛት። በትሩን ግን ለመስጠት እጁ አልፈታ አለው። አዴ ፈይሩዝ ሲይዙት የኖሩበት ቦታ ሟልጦ ለስልሶ መዳፉ ውስጥ ቁጭ አለ። "ይህ የፈይሩዝ ነው፤ ልጇ ተርፋለች፤ የልጅ ልጇም ተማሪ ሆናለች" ብሎ አስረከበና ሰው መሀል አለቀሰ። የራሱን ስለት ያስታወሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለቱ መሄዱን እንጂ መመለሱን አይመለከትምና ብስክሌቷን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ተመለሰ። መንገድ ላይ ከአንድ ከተማ ፋርማሲ፣ ከታች ጎማ ያለው፣ የሚያጥርና የሚረዝም የብረት ምርኩዝ ለአማቱ ገዛ። ቀላል ነው፤ ሱቅ ውስጥ በእጁ አመዛዝኖታል፣ ልማድ አይለቅም።

ሮቤ ደርሶ ብስክሌቷን እየገፋ ግቢው ሲገባ አዴ ፈይሩዝ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከሄደ ጀምሮ ከግቢ አልወጡም። ሰቢሪና እንደነገረችው ከመኝታቸው እስከ ደጅ ግድግዳ ይዘው ይመጣሉ፤ ከደጅ ወዲያ ግን የሚያዝ ግድግዳ የለም። ዱላ ከጎረቤት ቢያመጡላቸውም አልያዙም፤ የሰጠሁትን ነገር በሌላ ዱላ አልተካውም ብለዋል። ሳላሀዲን ያን ጊዜ ነው የገባው። "የት አለብኝና" ያሉት እውነት አልነበረም። ከዙሀይራ ጋር ሳያወሩ ውለው የማያውቁ ሴት ናቸው።

ምርኩዙን አወጣላቸው። አዴ ፈይሩዝ አገላበጡት፣ ቁልፉን ተጭነው አሳጠሩት፣ አስረዘሙት፣ አመሰገኑት፣ ከዚያ ለሌንሳ መጫወቻ ሰጧት።

"ደረሰልኝ?" አሉ።

"ደረሰ፣ አዴ። ስምዎን ጠርቼ ነው ያስረከብኩት።"

ከአግዳሚው ተነሱና ብስክሌቷን ጠጋ አሉ። እጃቸው የብስክሌቷን ወገብ ዳሰሰ፤ በትሩ ታስሮ የከረመበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። እዚያ ላይ እጃቸውን ጥቂት አቆዩት። ከዚያ ሚዛን ሲያጡ እጃቸው ወደ ፊት ተንሸራተተና የተጠመለለውን ቀንድ ያዘ፤ የሰቢሪና ሻርፕ የተጠቀለለበትን። ቆሙ። ሳላሀዲን በሌላው ጎን ብስክሌቷን ደግፎ ትንፋሹን ዋጠ፣ መርፌ እስኪረጋ እንደሚጠብቀው ዓይነት። ዓመታት ከፍ ዝቅ ሲያደርገው የኖረው ቀንድ ለአዴ ፈይሩዝ መዳፍ ልኩ ነበር።

አሮጊቷ አንድ እርምጃ ሄዱ። ብስክሌቷም አብራ ሄደች። ሁለተኛ ተራመዱ፣ ግቢውን አቋረጡ፣ በሩ ላይ ደረሱ።

"ወዴት ነው፣ አዴ?" አለ ሳላሀዲን።

"ዙሀይራ ጋ ነዋ። ስለ ፍየሏ ልጠይቃት። ሱቅህን ትዘጋለህ፣ ምን ታደርገዋለህ።"

"ቆይ አንዴ" ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ጎማው በጠጠሩ ላይ እየተንኮሻኮሸ በዝግታ መንገድ ጀመሩ። የማዶው ባለሱቅ ከደጁ ቆሞ አያቸውና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለ። አዴ ፈይሩዝ ቀንዱን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ ወደ አማቻቸው ሳይዞሩ፣ "ሳላሀዲን" አሉት።

"አቤት፣ አዴ።"

"ይሄን ሙክት እንዳታርድብኝ።"